ነጋዴ ፖለቲካ ሲገባ

ሰሞኑን ደነባ ከተማ ላይ ሁለት ሰው ቡና ከያዘ ወሬው አንድ ነው፦ «አገሪቱን ነጋዴ ይምራት።» ድርጅት ያቆመ ሰው አገርም ያቆማል፣ የጠገበ አይሰርቅም ይባላል። እኔ አልተዋጠልኝም። ሀብቱ ብቻውን ስለ ሰውየው ምንም አይነግረኝም። የሰው ገንዘብ በእጁ ሲገባ እንዴት ያዘው? እኔ ማወቅ የምፈልገው ይህን ነው።

አቶ ቡልቻ ደመቅሳን ተመልከቱ። በንጉሡ ዘመን ምክትል የገንዘብ ሚኒስትር ነበሩ፤ በዓለም ባንክ ቦርድም የአፍሪካ አገሮችን ወክለው ሠርተዋል። ደርግ በ1967 ባንኮቹን ከወረሰ ወዲህ የግል ባንክ የሚባል ነገር አልነበረም። በ1986 ሕጉ ሲፈቅድ አቶ ቡልቻና ባልደረቦቻቸው ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ፤ በ1987 አዋሽ ባንክ 486 ባለአክሲዮኖችና 24.2 ሚሊዮን ብር ይዞ ተመሠረተ። ባንክ ሲወረስ በዓይኑ ያየ ሰው ነው እኮ ያንን ብር ያወጣው! ይህ ምን ማለት እንደሆነ ምስሩን በዱቤ ለነጋዴ የሰጠ የደነባ ገበሬ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ነጋዴው ኩንታሉን አዲስ አበባ አራግፎ እስኪመለስ ገበሬው የያዘው የሰውየውን ቃል ብቻ ነው።

ቡልቻ በስተርጅና ኦፌዴን የተባለውን ፓርቲ መሠረቱ፤ በ1997ቱ ምርጫም 11 መቀመጫ አገኙ። ከተቃዋሚው ወገን ብዙዎች ፓርላማ አንገባም ሲሉ እሳቸው ገቡ። የተቀየሟቸው ነበሩ። እኔ ግን ዛሬም ልክ ነበሩ ባይ ነኝ፤ መራጩ አደራ ሰጥቶ ልኳቸዋል፣ ወንበሩን ባዶ ቢተዉት ስለ እሱ ማን ይናገርለታል? ከ500 በላይ አባላት ባሉበት ምክር ቤት 11 ሰው በድምፅ አያሸንፍም፤ ተነስቶ መንግሥትን መጠየቅ ግን ይችላል፤ እሳቸውም ጠይቀዋል።

ከባሕር ማዶ ደግሞ የቺሊው ሴባስቲያን ፒኜራ ነበረ። በክሬዲት ካርድ ሥራ የበለጸገ ቢሊየነር ነበር፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ሲሆን የአገሪቱ ትልቁ አየር መንገድ ዋና ባለድርሻ ነበር። እሸጣለሁ ያለውን ድርሻ ሸጦ ሳይጨርስ ቃለ መሐላ ፈጸመ። አየር መንገዱን የሚቆጣጠረው መንግሥት መሪ ራሱ ባለድርሻው ሆነ ማለት ነው። ጉዳዩ ብዙ ያነጋገረው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ነገ እኛም ዘንድ ነጋዴ ለምርጫ ቢቀርብ ሕንፃውን ቆሜ አላደንቅም። ሠራተኞቹን ደመወዛቸው በወቅቱ ይደርሳቸው እንደሆነ፣ እህል ያስረከቡትን ገበሬዎች በቀጠሮው ከፍሏቸው እንደሆነ እጠይቃለሁ። እሱን ራሱን ደግሞ ከመምረጤ በፊት፦ ድርሻህን መቼ ነው የምትሸጠው?