የምርመራ ወረቀትም ምስክርነት ነው

በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ብዙ ዓመት ስላገለገልሁ፥ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ማክበር ልማዴ ነው። ነገር ግን ማኅተምም ሊዋሽ እንደሚችል ያስተማረኝ በገዛ ቤቴ የተነሣ ጉዳይ ስለ ሆነ፥ ለቤተ ሰብ ሁሉ ይጠቅም ይሆናል ብዬ እጽፈዋለሁ።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም የቦቴ ሾፌር ነው። ከጅቡቲ ቤንዚን ጭኖ፥ በጋላፊ፥ በሚሌና በአዋሽ በኩል ወደ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። አንድ እሑድ ማታ ገርጂ ወዳለው ቤታችን መጣና፥ «ጋሼ፥ የመኪናዬ ምርመራ ደርሷል፤ ጭነትም ይጠብቀኛል። መርማሪውን እርስዎ ያውቁታልና፥ ሳያጉላላኝ ወረቀቱን እንዲሰጠኝ አንድ ቃል ይናገሩልኝ» አለኝ። ባለቤቴም፥ «ወንድሜ አይደለም ወይ? ቃል ብትናገር ምን ይጎድልብሃል?» አለችኝ። እንቢ ማለት አሳፍሮኝ በማግሥቱ አብሬው ሄድሁ።

በከተማው ምሥራቃዊ ዳርቻ ካለው የምርመራ ግቢ ስንደርስ፥ መርማሪው ሰላምታ ሰጥቶን ወዲያው ከቦቴው ሥር ገባ። አማቼም ቸኩሎ፥ «ባዶ ነው እኮ፥ ምን ያስፈራል?» አለው።

«የሚያስፈራውስ ባዶው ነው» አለ መርማሪው። «በሞላው ውስጥ አየር ብዙ ስፍራ የለውም። በባዶው ግን የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ጋራ ተደባልቆ ይቀመጣል፤ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ከወጣም ከአየር ይከብዳልና፥ እንደ ውኃ ዝቅተኛውን ስፍራ እየተከተለ፥ ሩቅ ካለ የከሰል ምድጃ ሊደርስ ይችላል።»

ከዚህ በኋላ ፍሬኑን፥ ጎማውን፥ የተሳቢውን ማያያዣና እሳት ማጥፊያውን አንድ በአንድ መረመረ። በመጨረሻም የማራገፊያው ቧንቧ ማሸጊያ ላስቲክ ተሰንጥቆ አገኘው። ቤንዚን ሲቀዳ የሚፈጠረውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦም ተበጥሶ ነበር። ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ፥ «እርስዎስ ጋሼ፥ የመጡበት ጉዳይ ነበረዎን?» አለኝ።

እኔ በችሎት ፊት ምስክር ሲምል ዘወትር የምመለከት ሰው፥ የሐሰት ምስክርነት ልለምን መምጣቴን አሰብሁና፥ «ምንም የለኝም፤ ሥራህን ፈጽም» አልሁት።

መኪናው እስኪታደስ ሦስት ቀን ቆመ፤ ጭነቱም ለሌላ ተሰጠ። አማቼ ተቀየመኝ፤ ባለቤቴም ቡናውን ስታቀርብልኝ ቃል አልተነፈሰችም። እኔም በሌላው አገር የሆነውን ነገርኋት። በ2009 ዓ.ም. በሰኔ ወር፥ በፓኪስታን በባሃዋልፑር አጠገብ ቦቴ ተገልብጦ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ። በ2011 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ደግሞ፥ በታንዛንያ በሞሮጎሮ እንዲሁ ሆኖ የሞቱት ከ100 በላይ ነበሩ። በሁለቱም ስፍራ ብዙዎቹ የፈሰሰውን ቤንዚን ሊቀዱ የተሰበሰቡ የሠፈር ሰዎች ናቸው። ባለቤቴ ዝም ብላ ቆየችና፥ «ጀሪካን ይዘው?» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ሦስቱ ቀን አላነሣችም።

በሳምንቱ አማቼ መጣ። የተሰነጠቀውን ላስቲክ ከኪሱ አውጥቶ ገበታው ላይ አኖረና፥ «ጋሼ፥ በዚህ ነው አዋሽን ስሻገር የኖርሁት» አለኝ። ሌላ አልተናገረም።

አበው «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፥ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይላሉ። ስለዚህ የሾፌር እናትና ሚስት የሆናችሁ ሁሉ፥ ሰውየው ሲነሣ ስንቁን ብቻ ሳይሆን መኪናው በእውነት መመርመሩን ጠይቁት። ቦቴ ተገልብጦ ያየ ሰውም፥ ልጆቹን ይዞ ፈጥኖ ይራቅ እንጂ ዕቃ ይዞ አይቅረብ። ለዘመድ ብለን የምናስመታው ማኅተም እሳቱን አያጠፋውምና።