ጨዋታና የባትሪ ልክ

ያለ ጨዋታ መኖር የሚችል ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ዳሩ ግን ጨዋታችን ከገበጣና ከካርታ አልፎ ላፕቶፕ ውስጥ ከገባ ወዲህ አንድ አስቸጋሪ ዳኛ መጥቶበታል፤ እርሱም ባትሪ ነው። ገበጣን «በቃ» የሚሉት ተጫዋቾቹ ናቸው፤ የላፕቶፕን ጨዋታ ግን «በቃ» የሚለው ባትሪው ነው።

መብራት በጠፋ ቁጥር ብዙዎቻችን የምናማርረው ፋብሪካውን ነው። «ይህን ያህል ብር ተከፍሎበት እንዴት አንድ ሰዓት እንኳ አይቆይም?» እንላለን። እኔ በበኩሌ ነገሩን በሒሳብ ማየት ይሻላል እላለሁ። ከ100 ዋት-ሰዓት የሚበልጥ ባትሪ ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ ይዞ መሳፈር ስለማይቻል፣ ትልቁ የጨዋታ ላፕቶፕ እንኳ የሚይዘው ከዚያ ጥቂት ዝቅ ያለ ነው። ይኸው ላፕቶፕ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ከባድ ጨዋታ ሲያጫውት 200 ዋት ሊፈጅ ይችላል። እንግዲህ 100ን ለ200 ስናካፍል የምናገኘው ግማሽ ሰዓት ነው። ሠሪዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ገመዱ ሲነቀል የማሽኑን ጉልበት ይቀንሱታል፤ ጨዋታው የሚንቀራፈፈው ስለዚህ ነው።

ጎተራውን ማስፋት ካልተቻለ የሚቀረው የበላተኛውን ሆድ መመጠን ነው። ለዚህም ታሪክ ምስክር አለው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጃፓኑ ኒንቴንዶ ጌም ቦይን አወጣ። ስክሪኑ ቀለምም የኋላ መብራትም አልነበረውም፤ ነገር ግን በ4 የባትሪ ድንጋይ ከ10 ሰዓት በላይ ያጫውት ነበር። በ1990 የወጣው የሴጋ ጌም ጊር ቀለምም ብርሃንም ነበረው፤ 6 ድንጋይ በልቶ ግን ከ3 እስከ 5 ሰዓት ብቻ ይቆይ ነበር። ርካሽነቱና ጨዋታዎቹ ቢረዱትም፣ ገበያውን ያሸነፈው ያ ቁጥቡ ነው። በ2022 የወጣው ስቲም ዴክም በ40 ዋት-ሰዓት ባትሪ፣ እንደ ጨዋታው ዓይነት፣ ከ2 እስከ 8 ሰዓት እንደሚቆይ ሠሪው ራሱ ተናግሯል። ባትሪው ያው ነው፤ የሚለያየው የጨዋታው ሆድ ነው።

በእኛ መኝታ ቤት ይህ የቅንጦት ክርክር አይደለም። መብራት ሲጠፋ የሚቀረን አንድ ባትሪ ነው፤ በእርሱም ላይ የኳስ ጨዋታውም ነገ ጧት የሚሰጠው ጽሑፍም ተስፋ ጥለዋል። አብሮኝ የሚያድረው ጓደኛዬ «ግማሽ ጨዋታ ጨዋታ አይደለም» ብሎ ሁሉን በሙሉ ኃይል ይከፍታል፤ ጽሑፉንም ሳይጨርስ በጨለማ ይተኛል። እኔ የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አድርጌ፣ በሴኮንድ የሚታየውን የሥዕል ቁጥር ወደ 30 አውርጄ አንድ ሰዓት እጫወታለሁ፤ የቀረውን ለጽሑፌ አኖራለሁ። እርሱ ንፉግ ይለኛል። እውነቱን ለመናገር የእርሱ ሜዳ ከእኔው ይልቅ ያምራል።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ «እግርህን በፍራሽህ ልክ ዘርጋ» የተባለው ለእንቅልፍ ብቻ አይደለም። ላፕቶፕ ግዙልኝ ብሎ ቤተሰቡን የሚያስጨንቅ ተማሪ ስለ ሥዕሉ ውበት ከመጠየቁ በፊት «ስንት ዋት-ሰዓት ይይዛል? ስንት ዋትስ ይፈጃል?» ብሎ ይጠይቅ። ሻጩ ባይመልስለት፣ የመጀመሪያው በባትሪው ላይ በቁጥር ተጽፏል፤ ሁለተኛውንም ከቻርጀሩ ላይ መገመት ይችላል።