ለሸይኻችን ድምፅ ሲባል የተገዙ ሦስት ፋኖች



እዚህ ገጽ ላይ ስለ ኮምፒውተር ፋን ረጅም ጽሑፍ ሲወጣ ፈገግ የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገር ግን ከጊንጪ፣ ከጉደርና ከሆለታ ያሉ ወንድሞች «የመድረሳችን ኮምፒውተር ቪዲዮ ስናቀናብር ይግላል፣ ከዚያ ድርግም ይላል፣ ምን እናድርግ?» እያሉ ደጋግመው ጠይቀውናል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳት አንዴ መጻፉ ይሻላል ብለን ነው።

የእኛ ጉዳይ እንዲህ ነው። ሸይኻችን ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ድምፃቸውም እየሳሳ ነው። ኪታቡ በየቦታው አለ፤ እሳቸው በአፋን ኦሮሞ የሚሰጡት ማብራሪያ ግን የትም አልተጻፈም፣ በደረሶቻቸው ጆሮ ውስጥ ብቻ ነው ያለው። ጀማዓው ገንዘብ አዋጥቶ ዕቃው አንድ በአንድ ከአዲስ አበባ ተገዛና ኮምፒውተሩ እዚሁ አምቦ ተገጣጠመ። የምንቀርጽበትም የምናቀናብርበትም ያው አንዲት ክፍል ናት። ኬዙ ይዟቸው የመጣው ባለመብራት ፋኖች ያለማቋረጥ በሙሉ ፍጥነት ይጮኻሉ፤ የሸይኻችንን ድምፅ ከፋኑ ጩኸት መለየት አቃተን። ፋኖቹን ስንነቅላቸው ደግሞ ቪዲዮው ተቀናብሮ ሳያልቅ ኮምፒውተሩ ራሱን ያጠፋል።

አዲስ ፋን ይገዛ ስንል ገንዘብ ያዣችን ሐጂ ሒሳቡን አዩና፣ «ልጆቼ፣ ለነፋስ ነው ይህ ሁሉ ብር?» አሉን።

«ሐጂ፣ ነፋሱማ የአላህ ነው፤ የምንከፍለው ለሚያስገባው ነው» አልናቸው።

ሳቁ፤ ቀጥለው ግን «የሰው ገንዘብ አማና ነው፣ በደንብ አስረዱኝ» አሉ። ያስረዳናቸው እነሆ።

መጀመሪያ ከተማችንን እንይ። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሆለታ ከዚህም ከፍ ትላለች። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባቄላችን ከቆላው ይልቅ ምድጃ ላይ የሚቆየው ለዚህ ነው። አየራችን ስስ ነው። ከባሕር ዳርቻ አየር ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ይቀላል። ፋኑ በደቂቃ የሚያንቀሳቅሰው የአየር ስፋት እዚህም እዚያም ያው ነው፤ ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው ግን የአየሩ ክብደት ስለሆነ፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚዞር ፋን አምቦ ላይ ያነሰ ሙቀት ያወጣል። አየሩን በጠባብ ቀዳዳ የመግፋት ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። ትልልቅ ሰርቨሮችን የሚያስተዳድሩ ሰዎች ይህን በሕግ ይዘውታል፤ ለብዙዎቹ ማሽኖች ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደውን የክፍል ሙቀት ጣሪያ 1 ዲግሪ ይቀንሳሉ። በዚህ ስሌት አምቦ ላይ 4 ዲግሪ ይጎድልብናል ማለት ነው። ደግነቱ የክፍላችን አየር ቀዝቃዛ ነውና ዕዳው በከፊል ይከፈላል። ቢሆንም በዩቲዩብ የምናያቸው አብዛኞቹ ሙከራዎች ከእኛ ዝቅ ባለ አገር የተሠሩ ናቸው፤ «ይህ ፋን በዝቅተኛ ፍጥነት ይበቃል» ሲሉ ለእነሱ ይበቃል፤ ለእኛ ትንሽ ጨምሩበት።

ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥርም ሰው ያታልላል። ሁለት ቁጥሮች ታገኛላችሁ፦ አንደኛው የአየር መጠን ነው፣ ሁለተኛው ግፊት። የአየር መጠኑ የተለካው ፋኑ ፊት ምንም ሳይጋረድ ነው። ግፊቱ የተለካው መውጫው ተዘግቶ አየር ጭራሽ ሳይንቀሳቀስ ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ፋን የለም፤ በእውነተኛ ኬዝ ውስጥ ያለው ሥራ በሁለቱ መካከል ነው። ከኬዙ ፊት የአቧራ ማጣሪያ ካለ (እኛ አገር ያለ ማጣሪያ አይሆንም) ግፊቱን አስቀድማችሁ እዩ። የአየር መጠኑ ትልቅ፣ ግፊቱ ደካማ የሆነ ፋን ማጣሪያ ሲገጥመው አየሩ እዚያው ፊቱ ላይ ተመልሶ ይሽከረከራል።

ሽቦውንም ቁጠሩ። ባለ አራት ሽቦው ፍጥነቱን ማዘርቦርዱ ሙቀቱን እያየ እንዲያዝዘው የተሠራ ነው። ባለ ሦስቱም በቮልቴጅ ሊቀነስ ይችላል፣ ማዘርቦርዱ ከፈቀደ። በቀጥታ ከፓወር ሰፕላዩ የሚሰካው ግን ሌሊትና ቀን አንድ ዓይነት ይጮኻል። የእኛዎቹ ባለመብራቶች እንደዚያ ነበሩ። መብራቱ ለዓይን ያምራል፣ ልጆቹም ይወዱታል፤ ሙቀት ግን አያወጣም።

ከዚያ ሁለት ስሞች ፊታችን ቀሩ። አንዱ የኦስትሪያው ኖክቱዋ ነው፤ በ2018 የወጣው ባለ 120 ሚሊሜትር ፋኑ በክንፉ ጫፍና በክፈፉ መካከል የተተወው ክፍተት ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ነው። በሙሉ ፍጥነቱ በደቂቃ 2,000 ዙር ይዞራል፣ በሰዓት 102 ሜትር ኩብ አየር፣ 2.34 ሚሊሜትር የውሃ ግፊት። ቀለሙ ቡናማና ክሬም ነው፤ ሐጂ ፎቶውን አይተው «ይህ ደግሞ የምን ቡና ነው?» ብለዋል። ሌላው የአርክቲክ ፒ12 ነው፤ 1,800 ዙር፣ በሰዓት 96 ሜትር ኩብ ገደማ፣ 2.2 ሚሊሜትር ግፊት። ልዩነቱ በቁጥር ትንሽ ነው። በዋጋ ግን ውጭ አገር በአንድ ኖክቱዋ ብር አምስት አርክቲክ የያዘ ካርቶን ሊገዛ ይችላል። ገንዘቡ የራሳችን ቢሆን ኖሮ ምናልባት ቡናማውን እንመርጥ ነበር። የጀማዓው ስለሆነ ግን አርክቲኩን መረጥን፤ ከዱባይ የሚመጣ ወንድም በሻንጣው ይዞልን መጣ። ሦስቱን ገጠምን፣ ሁለቱ መጠባበቂያ ሆነው ተቀመጡ።

ለምን ሦስት? ፕሮሰሰራችን 65 ዋት፣ ግራፊክስ ካርዱ 125 ዋት ነው፤ ለዚህ ሁለት ከፊት ማስገቢያ፣ አንድ ከኋላ ማውጫ ይበቃል። የሚገባው ከሚወጣው መብለጡም ሆን ተብሎ ነው፤ ኬዙ ውስጥ አየር ሲበዛ በየስንጥቁ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ስለዚህ አቧራው በማጣሪያው በር ብቻ ለመግባት ይገደዳል። ማውጫው ከበዛ ግን ኬዙ በየቀዳዳው ከክፍሉ አቧራ ይስባል። አየሩ በትክክል መግባት መውጣቱን ያየነው በዕጣን ጭስ ነው። ትንሽ ብቻ፣ አንዴ ብቻ! ጭሱ ቅባት ስላለው ክንፉ ላይ አቧራን እንደ ሙጫ ያጣብቃል፤ ጁሙዓ ጁሙዓ ቡኹር የምታጨሱ ኮምፒውተሩን ከዚያ ክፍል አርቁት።

ፀጥታው የመጣው ከመግዛቱ ይልቅ ከማስተካከሉ ነው። ፋን ፍጥነቱ ሲቀንስ አየሩ በዚያው መጠን ይቀንሳል፣ ድምፁ ግን ከዚያ በብዙ ይወርዳል፤ ከ1,800 ወደ 1,200 ዙር ብታወርዱት ጩኸቱ 9 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ሌላ ተመሳሳይ ፋን መጨመር ደግሞ የሚያመጣው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ የሚሮጥ ከምትይዙ ሁለት የሚራመዱ ያዙ። ባዮስ ውስጥ ገብተን፣ ሙቀቱ 60 ዲግሪ እስኪደርስ ፋኖቹ 750 ዙር ላይ እንዲቆዩ፣ ከዚያ በላይ ቀስ ብለው እንዲጨምሩ አደረግን። ፒ12 1,000 ዙር አካባቢ እንደ ንብ የመንዘር ጠባይ አለው፤ እዚያ ላይ እንዳይቆም መስመሩን ቶሎ እንዲያልፈው አድርጉት። የመዘግየት ጊዜም ስጡት፣ ሙቀቱ ለቅጽበት ብልጭ ባለ ቁጥር ፋኑ እንዳይነሣና እንዳይወድቅ። አንድ ወጥ የሆነ ለስላሳ ሹክሹክታ ከቀረጻው ላይ በሶፍትዌር በቀላሉ ይጠፋል፤ ከፍ ዝቅ የሚል ድምፅ ግን የሸይኹን ቃል ይዞ ነው የሚሄደው። አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ሸይኻችን ጎንበስ ብለው በዝግታ ሲናገሩ እንኳ ማይኩ እሳቸውን ይሰማል፤ ረጅሙ ቪዲዮም ሳይቋረጥ ያልቃል።

የጽዳቱ ነገር ይቅር አይባልም። ከኅዳር የጤፍ ውቂያ ጀምሮ ዝናብ እስኪጥል ድረስ የፊቱን ማጣሪያ በየሳምንቱ አውጥተን በውሃ እናጥባለን፣ አድርቀን እንመልሳለን፤ በክረምት በወር አንዴ ይበቃል። ብዙ ወንድሞች ኬዙን ጎሚስታ ቤት ወስደው በኮምፕረሰር ያስነፋሉ። አይደረግ። ያ ንፋስ ውሃ አዝሎ ይመጣል፣ ፋኑንም ከተሠራበት ፍጥነት በላይ አስፈንጥሮ ውስጡን ይፈጃል። ግድ ከሆነ ክንፉን በጣት ያዙና ከሩቅ አስነፉ። የቀለም ብሩሽና ትዕግሥት ግን ይበልጣል።

ከጊንጪ ለጠየቃችሁን ወንድሞች፦ ፋን ለመግዛት ገንዘብ ከማዋጣታችሁ በፊት ኬዙን ከፍታችሁ የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ አጽዱ፣ የደረቀውን ቅባትም ቀይሩ። ከዚያ በኋላም ካጠፋ ሁለቱ መጠባበቂያ ፋኖች እዚህ አሉ፤ ሐጂን አስፈቅደናቸው አንዱን ለሙከራ እናውሳችኋለን፣ ኢንሻአላህ።