ሳጥኗ ብትሞት ዲስኩ አልሞተም

የዛሬው ጨዋታዬ ከጓዳም ከልጆች አስተዳደግም ጥቂት ወጣ ያለ ነው፤ ሆኖም ከቤት አይወጣም። ነገሩ በሳሎናችን ጥግ፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጣ ስለምትኖር፣ ከአንድ የጫማ ካርቶን ስለማትበልጥ ጥቁር ሳጥን ነው። በእርስዋ ምክንያት ከ16 ዓመት ልጄ ጋር ስድስት ወር ያህል እንደ ቀድሞው ሳንነጋገር ኖረናል። ስለዚህ ይህ የቤተሰብ ጉዳይ አይደለም የሚለኝ ቢኖር አልቀበለውም።

ሳጥኗ የቤት መረጃ ማከማቻ ናት። በሆዷ ሁለት ዲስኮች አሉ። በገመድ ከራውተሩ ጋር ስለተያያዘች የቤቱ ሰው ሁሉ ከስልኩም ከኮምፒውተሩም ፎቶግራፉን፣ ቪዲዮውን፣ የትምህርት ማስረጃውን ሳይቀር ያኖርባታል። አንዱ ዲስክ የሌላው ግልባጭ ነው፤ በአንደኛው የተጻፈው ሁሉ ወዲያውኑ በሁለተኛውም ይጻፋል። በዋሽንግተን አካባቢ የምትኖረው ታላቅ እኅቴ በ2011 ዓ.ም. በመንገደኛ ላከችልን። ከአዲስ አበባ ደሴ፣ ከደሴም በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል በጋቢ ተጠቅልላ መካነ ሰላም ገባች። ያን ጊዜ እኔ «ለፎቶ ማስቀመጫ ይህን ያህል መድከም ምንድን ነው?» ብዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን እናቴ ታመመች። ልጄ ከአያቷ አልጋ አጠገብ እየተቀመጠች በስልኳ ድምፅዋን ትቀዳ ጀመር። የአያትዋን ሠርግ፣ የጎረቤት ጠብ፣ ደግሞም በ1977 ዓ.ም. ወሎን የመታው ድርቅ ጎተራውን ባዶ ባደረገ ጊዜ እኛን ልጆቿን ምን ምን እያበላች እንዳሻገረችን፣ ለእኛ ለልጆቿ እንኳ ያልነገረችንን ለልጅ ልጇ ነገረቻት። ሁሉም ሲደመር ሦስት ሰዓት ያህል ይሆናል። ስልኩ ሞላ ብላ ቅጂውን ወደ ሳጥኗ አዛወረችውና ከስልኩ አጠፋችው። እናቴ በጥር 2015 ዓ.ም. አረፈች።

በዚያው ዓመት ሐምሌ አጋማሽ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ ምስር እየለቀምኩ ሳለሁ ልጄ ከሳሎን፣ «እማ፣ ሳጥኗ አዲስ ፈርምዌር መጥቷል ትላለች» አለችኝ። ደመናው ከዓባይ በረሃ በኩል ተነሥቶ ከተማውን አልብሶታል፤ ነጎድጓዱም ጀምሯል። ወዲያው ሳይቆይ አንድ ትልቅ መብረቅ ወደቀና መብራት ሄደ። ልጄ በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ መጨረሻ ያየችው ቁጥር 37 በመቶ የሚል እንደ ነበር በኋላ ነገረችኝ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ መብራቱ ሲመጣ ሳጥኗ ቀይ መብራቷን እያርገበገበች ቀረች። አድራሻዋን በኮምፒውተሩ ስንጽፍ መልስ የለም። በራውተሩ ላይ የተያያዙት ዕቃዎች ሲዘረዘሩ የእርስዋ ስም የለበትም። እኔ ደግሞ የድሮ ሬዲዮ ሲያስቸግር እንደምንመታው ሶኬቷን ነቀልኩ፣ ሰካሁ፤ ነቀልኩ፣ ሰካሁ። አሥር ጊዜ ሳላደርገው አልቀረሁም። በመጨረሻም ወደ ልጄ ዞሬ፣ ዛሬም ስጽፈው የሚያሳፍረኝን ቃል ተናገርኩ፦ «አያትሽን ሁለተኛ ቀበርሻት!» አልኳት። አንድ ቃል ሳትመልስ ወደ ክፍሏ ገባች።

እዚህ ላይ ይህ ፈርምዌር የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ በስልካችሁም፣ በራውተራችሁም፣ በቴሌቪዥናችሁም ውስጥ አለና። ዕቃው ሲበራ ማን እንደሆነና ምን መሥራት እንዳለበት የሚነግረው ፕሮግራም ነው። እንደኛዋ ባሉት ሳጥኖች የሚኖረው በዲስኩ ላይ ሳይሆን በውስጧ ሰሌዳ ላይ በተጣበቀች ትንሽ የማስታወሻ ቺፕ ውስጥ ነው። ልጆቹ አፕዴት የሚሉት እድሳት ሲደረግ አሮጌው ይፋቅና አዲሱ በቦታው ይጻፋል። በዚህ መካከል መብራት ከሄደ አሮጌውም የለም፣ አዲሱም አልሞላም። ግማሹ ምጣድ ላይ ፈስሶ እሳቱ እንደጠፋበት እንጀራ ቁጠሩት፤ ወደ ቡሃቃው አይመለስ፣ መሶብ አይገባ። አንዳንድ ዕቃዎች ሁለት የመጻፊያ ቦታ ስላላቸው አዲሱ ቢበላሽ በአሮጌው ይነሣሉ። የእኛዋ ርካሽ ስለነበረች ያ ዕድል አልነበራትም።

ታዲያ ጭራሽ ባናድስስ? እኔም እኅቴን የጠየቅኋት ይህንኑ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 2021 የሆነውን ስሙ። ዌስተርን ዲጂታል የተባለው ኩባንያ የሠራቸው፣ ማይ ቡክ ላይቭ የሚባሉ የቤት ማከማቻዎች የነበሯቸው ብዙ ሰዎች አንድ ቀን ሲነሡ ዲስካቸው ተጠርጎ ባዶ ሆኖ አገኙት። ሰርጎ ገቦች በኢንተርኔት በኩል ገብተው የማጥፊያ ትእዛዝ ሰጥተውባቸው ነው። ለእነዚያ ዕቃዎች የመጨረሻው እድሳት የወጣው በ2015 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቀዳዳቸውን የደፈነ አልነበረም። ማደስስ ይገባል። ነጎድጓድ እያጉረመረመ፣ ያለ ዩፒኤስ፣ ሌላ ቅጂ ሳይኖር ማደስ ግን ሌላ ነገር ነው።

ወደ ቤቴ ልመለስ። እኅቴ በስልክ ያዘዘችው የመጀመሪያው ነገር ቀላል ነበር፤ እኔ ግን ብቻዬን አላስበውም ነበር። ሶኬቱን ንቀሉ፣ ሁለቱን ዲስኮች አውጥታችሁ 1 እና 2 ብላችሁ በፕላስተር ምልክት አድርጉባቸው፣ ከዚያ ሳጥኗን ባዶዋን አብሩ አለች። ባዶዋንም ያው ቀይ መብራት ተርገበገበ። «እሰይ!» አለች እኅቴ። ያበደች መሰለኝ። ዲስክ ሳይኖርባት እንደዚያው ከሆነች ሕመሙ ከዲስኮቹ ሳይሆን ከሳጥኗ ነው ማለቷ ነበር። «ሳጥኗ ብትሞት ዲስኩ አልሞተም። ከእንግዲህ ኮምፒውተር የሚጠይቅሽን ሁሉ እምቢ በይ» አለችኝ። ከኋላዋ ባለችው ቀዳዳ ውስጥ ያለውንም ቁልፍ መመሪያውን ሳታነቡ እንዳትነኩ አስጠነቀቀችን። በአንዳንድ ሳጥኖች እርሱን ጥቂት ጊዜ መጫን የይለፍ ቃሉን ብቻ ሲመልስ፣ ረዘም አድርጎ መጫን ሁሉን ነገር እንደ አዲስ ያስጀምራልና።

እኔ ግን ትዕግሥት አጣሁ። በሁለተኛው ቀን ልጄን ይዤ አንደኛውን ዲስክ ወደ አንድ የጥገና ሱቅ ወሰድኩ። ወጣቱ ትሑት ነው። ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ጋር ሲያገናኘው፣ ዲስኩ ፎርማት ካልተደረገ መጠቀም አይቻልም የሚል ጽሑፍ ወጣ። «እትዬ፣ ይኼ ባዶ ነው። ፎርማት ላድርገውና ከዚያ በኋላ የጠፋውን በማውጫ ፕሮግራም እንፈልጋለን» አለኝ። እንደ ወደድክ አድርገው አልኩት። እጁን ሲሰነዝር ልጄ ገመዱን ከኮምፒውተሩ ነቀለችው። «አክስቴ እምቢ በሉ ብላለች» አለች፤ ዲስኩን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች። በወጣቱ ፊት አፈርኩባት፤ እቤትም ስደርስ ተቆጣኋት።

በኋላ እንደገባኝ ከሆነ ሳጥኗ የምትሠራው ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት ነው። ዲስኩንም የምታሰናዳው በእርሱ አጻጻፍ ነው። በሱቁ ያለው ኮምፒውተር ደግሞ ዊንዶውስ ስለሆነ ያን አጻጻፍ አያነብም። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ደብዳቤ ቢሰጡት ምንም የለበትም እንደሚል፣ ኮምፒውተሩም የማያነበውን ባዶ ነው አለ። ባዶ ነው ሲላችሁ እሺ ብትሉት በላዩ አዲስ ይጽፍበታል፤ የነበረውንም መልሶ ማግኘት የዕድል ጉዳይ ይሆናል። በዚያች ቀን የእናቴን ድምፅ ሁለተኛ ልትቀብር የነበረችው ማን እንደ ነበረች እናንተው ፍረዱ።

ጥቂት ቀናት ሳይቆይ፣ በሐምሌ መጨረሻ፣ በክልላችን በተፈጠረው የጸጥታ ችግር የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። የእኛ ራውተር በሲም ካርድ የሚሠራ ስለሆነ አዲሱን የፈርምዌር ፋይል ማውረድ ቀረ። መንገዱም አስተማማኝ አልነበረም። ዲስኮቹን በደረቅ ጨርቅ ጠቅልለን ከቁም ሣጥኑ ላይኛው መደርደሪያ አኖርናቸው። ልጄ በየሳምንቱ ትመለከታቸዋለች፤ እኔን ግን ከሚያስፈልጋት በቀር አታናግረኝም። ከሰው ጋር የተጣላ ሰው ቢያንስ ይጮኻል። የእርስዋ ግን «እሺ እማ» ብቻ ነው።

ለእናቴ ሙት ዓመት፣ በጥር 2016 ዓ.ም.፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመዳችን እኅቴ ያዘዘችውን ሁለት ፍላሽና አንድ ትልቅ ውጫዊ ዲስክ ይዞልን መጣ። በአንደኛው ፍላሽ ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት፣ በሁለተኛው የሳጥኗ ፈርምዌር አለበት። በትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር የምታስተምረው መምህርት ማታ መጣችልን። ኮምፒውተሩን በፍላሹ አስነሣችና 1 ቁጥሩን ዲስክ፣ ማንበብ እንጂ መጻፍ እንዳይቻልበት አድርጋ ከፈተችው። 2 ቁጥሩን አልነካችውም፤ «እትዬ፣ እጄ ቢሳሳት እንኳ አንዱ ይተርፋል» አለችኝ። የማኅደሮቹ ስም ተራ በተራ ሲወጣ እግሬ ከዳኝና ከመከዳው ላይ ተቀመጥኩ። 400 ጊጋባይት ገደማ ነበር። ኮምፒውተሩ አሮጌ ስለሆነ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ወደ ውጫዊው ዲስክ ሲገለበጥ አደረ። በጓዳ ጠላው እየተጣራ፣ ሴቶቹ ሽንኩርት እየላጡ ሁላችንም ያን ቁጥር እናያለን።

ቅጂው ካለቀ በኋላ ነው ሳጥኗን ለማስነሣት የሞከርነው፤ አስቀድሞ አይደለም። እድሳቱ ያልነካት አንዲት ትንሽ የማስነሻ ፕሮግራም በውስጧ አለች። ምጣዱ ካልተሰበረ ሌላ ሊጥ ይጋገርበታል እንደማለት ነው። ነገር ግን ፋይሉ ሙሉ መሆን አለበት። አምራቹ ከፋይሉ ጋር 64 ፊደልና ቁጥር ያሉበት የማረጋገጫ መለያ ያወጣል፤ በፋይሉ አንዲት ነጥብ ብትጎድል መለያው ሌላ ይሆናል። እኅቴ በስልክ አንድ በአንድ ስታነብ ልጄ በደብተሯ ጽፋ ነበር። መምህርቷ በኮምፒውተሩ ካወጣችው ጋር ገጠመ። ዲስኮቹ ሳይገቡ፣ ፍላሹ ተሰክቶ፣ በመመሪያው እንደተጻፈው ቁልፉን በመርፌ ቁልፍ ጫፍ ተጭነን ሶኬቱን ሰካን። መብራት እንዳይሄድብን ዩፒኤስ ተውሰን ነበር። ከ12 ደቂቃ በኋላ ቀዩ መብራት አረንጓዴ ሆነ። አጥፍተን ዲስኮቹን በየቁጥራቸው መለስናቸው፤ አወቀቻቸው።

አሁን ውጫዊው ዲስክ ደሴ ወንድሜ ቤት ተቀምጧል፤ በየሦስት ወሩም ይታደሳል። ሁለት ዲስክ አለን እያልን ራሳችንን ስናታልል ነበር። ግልባጩ አንዱ ዲስክ ሲበላሽ ይረዳል እንጂ በስሕተት የተሰረዘው ከሁለቱም ይሰረዛል፤ ሌባ ሳጥኗን ቢወስድ ሁለቱም ይሄዳሉ። እርሾ ያለቀባት ሴት ከጎረቤት ትለምናለች። የእናቴ ድምፅ ግን በማንም ቤት አልነበረም።

በዚያ ሌሊት እንግዶቹ ጥቂት ጋደም ሲሉ የመጀመሪያውን ቅጂ ከፈትኩት። አስቀድሞ ሳል ይሰማል። ከዚያ እናቴ «ጫንሽው? ይሰማል ወይ?» ስትል፣ ልጄ «ጫንኩት እማማ፣ ተናገሪ» ትላለች። ዞር ስል ልጄ ከበሩ ላይ ቆማለች። ነይ አልኳት፤ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። በዚያ በሐምሌው ቀን «እማ፣ ልጫነው ወይ?» ብላ ጠይቃኝ፣ ዓይኔን ከምስሩ ሳላነሣ «ጫኚው» ያልኳት እኔ ነበርኩ። ስድስት ወር ሙሉ ይህን ለማንም አልተናገርኩም ነበር፤ ያን ጊዜ ነገርኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ፤ ድምፁንም ከፍ አደረገችው።