«ከዚያስ?» የሚያሰኝ መጽሐፍ

ብልህ ከሌላው ስሕተት፣ ሞኝ ግን ከራሱ ይማራል ይባላል። እኔ ከራሴ ስለተማርኩ እናንተ ከእኔ ትማሩ ዘንድ ይህችን ጽሑፍ ለመጽሔታችን አቀረብኩ። ነገሩ ስለ ኮሚክ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕልና በአጫጭር ንግግር ስለሚተረክ መጽሐፍ ነው። «የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆነሽ የሥዕል መጽሐፍ ያስጨንቅሻል እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። ግን ምክንያት አለኝ።

ምክንያቴ 13 ዓመት የሆነው ታናሽ ወንድሜ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ሰበብ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ገና ሁለተኛ ክፍል ነበር። ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ፤ እሱም እንደ ብዙ የትግራይ ልጆች ሦስት ዓመት ያህል ከትምህርት ገበታ ራቀ። ተመልሶ ሲገባ ቁመቱ እንጂ ንባቡ አላደገም። ፊደል አይጠፋውም፤ ነገር ግን አንድ አንቀጽ ሳይጨርስ ይደክመዋል፣ ያፍራልም። እናቴ የወልዲያ ልጅ በመሆኗ ቤታችን ውስጥ ትግርኛም አማርኛም ይነገራል። እሱ ግን መጽሐፍ ሲሰጡት በሁለቱም ዝም ይላል። ታዲያ ሥዕል ያለው ነገር ያነሣሣው ይሆናል ብዬ ከኪስ ገንዘቤ 1,200 ብር አጠራቀምኩ።

አንድ ቀን ከዓዲ ሓቂ ግቢ ወጥቼ ወደ ቤት ስሄድ፣ አስፋልት ዳር አሮጌ መጻሕፍት አንጥፎ ከሚሸጥ ልጅ ዘንድ አንድ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የጀግና ኮሚክ አየሁ። «900 ነው፣ ላንቺ 750» አለኝ። ውስጡን ሳላይ ገዛሁት። እናቴ «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ብር ለሥዕል?» አለችኝ። ወንድሜም ሁለት ቀን ሥዕሉን አገላበጠና አስቀመጠው። እኔ ራሴ ላነብለት ስቀመጥ ነው ጉዱ የገባኝ፤ ለካ ሦስተኛ ጥራዝ ኖሯል! አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያሉ ኮሚኮች በቀጭን ቀጭኑ በየወሩ ይወጡና ብዙውን ጊዜ አምስት ስድስቱ ተሰብስበው በአንድ ጥራዝ ይታተማሉ። ስለዚህ ሦስተኛውን ብቻ የገዛ ሰው መጀመሪያውም መጨረሻውም የለውም። በዚያ ላይ ጀርባው በሙጫ ብቻ የተያያዘ ስለነበር በሳምንቱ ገጹ መርገፍ ጀመረ።

መጠየቅ የጀመርኩት ከከሰርኩ በኋላ ነው። ብሶቴን የሰሙ አንድ መምህራችን ሁለት ዓይነት መጻሕፍት አዋሱኝ። አንዱ የአርት ስፒገልማን «ማውስ» ነው። ደራሲው አባቱ ከናዚዎች እልቂት እንዴት እንደተረፉ አይሁዶችን በአይጥ፣ ጀርመኖችን በድመት እየመሰለ ይተርካል። በሁለት ክፍል፣ እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1991 ታትሞ አልቋል፤ በ1992 ደግሞ ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት ተሰጥቶታል። አባት ያየውን መናገር ሲከብደው፣ ልጅም መጠየቅ ሲከብደው ሳነብ የእኛን ቤት አየሁት። ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ። ይሁንና ለወንድሜ «ገና ነው» ብዬ መለስኩት።

ሌላው የቤልጂጉ ሠዓሊ የኤርዤ «ቲንቲን» ነው። የመጨረሻው ሳያልቅ የቀረ ቢሆንም በጠቅላላው 24 ጥራዝ ነው። አብዛኛው ጥራዝ ለብቻው ሙሉ ታሪክ ስለሆነ እንደ አቅም አንድ በአንድ ሊገዛ ይችላል። ግን እዚህም ላይ ዓይንን መክፈት ያስፈልጋል። ወደ ጨረቃ የሚጓዝበት ታሪክ ለሁለት ጥራዝ የተከፈለ ስለሆነ አንዱን ብቻ የገዛ ሰው ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ኮንጎ የሄደበት ደግሞ አፍሪካዊውን እንደ ሞኝ ልጅ አድርጎ የሣለ ስለሆነ፣ ስብስቡ እንዲሞላ ብዬ ለወንድሜ የምገዛው አይደለም።

በዚህ መካከል አንድ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ሲመለስ «ጀምበር»ን አመጣልኝ። እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛም በእንግሊዝኛም የወጣ ኢትዮጵያዊ የጀግና ኮሚክ ነው። ጀግናው አማኑኤል ልዩ ኃይል ከማግኘቱ በፊት ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነበር (እኛ ተመራቂዎች ይሄን ስናነብ ምን እንደሚሰማን መናገር አያስፈልግም)። መጽሐፉ ቀጭን ነው፤ ከባለ 750 ብሩ አጠገብ ሲቀመጥ ያሳዝናል። ወንድሜ ግን ይዞት ጥግ ገባ። ቃሉ ሲያደናቅፈው ሥዕሉ ደገፈው። ጨርሶ ሲወጣ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ከዚያስ?»

ይህን ቃል የት ነው የማውቀው ብዬ ሳስብ ትዝ ያለኝ እንግዳ መቀበያችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሥዕል ነው። ንግሥት ማክዳ ንጉሥ ሰሎሞንን ልትጎበኝ መሄዷን በትንንሽ አራት ማዕዘኖች የሚተርክ፣ አብዛኛውን ጊዜ 44 ክፍል የሚኖረው ዓይነት ነው። ልጅ ሳለሁ እናቴ በጣቷ እየጠቆመች ታነብልኝ ነበር፤ እኔም በየማዕዘኑ «ከዚያስ?» እላት ነበር። ለሥዕል ብር ማውጣቴን የተቃወመችው እናቴ ለካ የመጀመሪያዋ የኮሚክ መምህሬ ነበረች!

እንግዲህ የደረስኩበት ይህ ነው። የኮሚክ ስብስብ ዋጋው በውፍረቱ ወይም በሽፋኑ አይለካም። መጀመሪያ የስንተኛ ጥራዝ እንደሆነና ታሪኩ የት እንደሚያልቅ እዩ፤ ጀርባውን ከፍታችሁ ስፌቱን ፈትሹ። ከሁሉም በላይ ግን ሙሉውን ከመግዛታችሁ በፊት አንዱን ብቻ አንብቡ ወይም አስነብቡ። አንባቢው «ከዚያስ?» ካለ ቀጣዩን ግዙ። ዝም ካለ ግን ብራችሁን ያዙ።

በእጄ የቀረው 450 ብር ለቀጣዩ ቁጥር ተቀምጧል። ከባለ 750 ብሩ የረገፉትን ገጾች ወንድሜ አልጋው ራስጌ ለጥፏቸዋል። ትናንት ማታ ደግሞ ከጎረቤት የመጡ ሁለት ሕፃናትን አስቀምጦ «ጀምበር»ን ጮክ ብሎ ሲያነብላቸው ሰማሁት። አንድ ቃል ላይ ተደናቀፈ፤ ግን አላፈረም፣ መልሶ አነበበው። ልጆቹም «ከዚያስ?» አሉት።