«ምን በላሽ?»

መምህሮቻችን አንድ ዜና ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምንና እንዴት የሚሉትን ጥያቄዎች መመለስ አለበት ይሉናል። እናቴ ግን ያለቻት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። ሆላንድ፣ ላይደን ከተማ የምትኖረው ታላቅ እህቴ በደወለች ቁጥር ከሰላምታው ቀጥላ «ምን በላሽ?» ትላታለች።

መስከረም 23 ቀን የእህቴ መልስ ቤታችንን በጠበጠው። «የተፈጨ ድንችና ካሮት» አለች። እማዬ ስልኩን ለእኔ አቀብላ ፊቷን አዞረች። እኛ ሰፈር፣ ወሰን፣ ድንችና ካሮት ተቀቅሎ የሚፈጨው ጥርስ ላላወጣ ሕፃን ወይም አልጋ ለያዘ ሰው ነው። «ልጄ ታማ ነው፤ እየደበቀችኝ ነው» ብላ ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ አደረች።

እህቴ ነገሩን ለእኔ አስረድታኛለች። ምግቡ ሁትስፖት ይባላል። በ1574 እ.ኤ.አ. የስፔን ጦር ላይደንን ከቦ ሕዝቡን በረሃብ ሲፈጅ ቆይቶ ኦክቶበር 3 ቀን ከበባው ተሰበረ። በአፈ ታሪክ እንደሚባለው አንድ ልጅ ወደ ባዶው ምሽግ ገብቶ ወጥ ያለበት ድስት አገኘ። ድንች ያኔ በዚያ አገር ገና አልተለመደም፤ በድስቱ ውስጥ የነበረው ካሮት፣ ሽንኩርትና ሌላ ሥራ ሥር ነው ይባላል። የላይደን ሰዎች ዛሬም በየዓመቱ ያቺን ቀን ሁትስፖት በልተው ያስቧታል።

ይህን ሁሉ ለእማዬ ብነግራት «ታሪኩን ተወው! ልጄ ታማለች ወይስ አልታመመችም?» አለችኝ። ስለዚህ በሳምንቱ አርብ እኔው ራሴ ማጀት ገባሁ።

አንድ ኪሎ ድንች፣ ግማሽ ኪሎ ካሮት፣ ሦስት ራስ ቀይ ሽንኩርት። መብራት ስለጠፋ ከሰል አያይዤ፣ ከእንጦጦ በኩል የሚወርደው ብርድ ጀርባዬን እየገረፈኝ ድንቹን ላጥኩ። ድንች ለእኛም የችግር ቀን ዘመድ ነው። በ1858 እ.ኤ.አ. ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ወደ አገራችን እንዳስገባው ይነገራል፤ ገበሬው በሰፊው የያዘው ግን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ክፉ ቀን ከመጣ ወዲህ ነው ይባላል። ሁሉንም ከትፌ በአንድ ድስት ቀቀልኩ። ሲበስል ውሃውን አጠለልኩና ጥቂት አስቀርቼ በማማሰያ ጀርባ ደፈጠጥኩት። «በጣም እንዳይልም፣ ጓል ጓል ይበል» ብላኛለች እህቴ። ሆላንዶች ቅቤ ያደርጉበታል፤ እኔ ቀኑ ጾም ስለሆነ ዘይትና ጨው ጨመርኩበት።

እማዬ በእንጀራ ጠቅልላ ቀመሰችው። ዝም አለች። ደግማ ጎረሰች።

«ይሄማ አልጫችን ነው! ነጭ ሽንኩርቱና እርዱ የት ሄደ?»

ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ግን «ሥጋ አያደርጉበትም?» ስትል ጠየቀችኝ።

«ያደርጉበታል፤ የበሬ ሥጋ» አልኳት። ምላሴ ላይ የነበረውን ቀሪውን ዋጥኩት። እህቴ ሥራ ከቀነሱባት ወዲህ ሥጋውን ትታ፣ በሳምንት ሦስት አራት ቀን ይህንኑ እንደምትበላ ለእኔ ብቻ ነግራኛለች። ርካሽ ነው፣ ሆድ ይይዛል። «ለእማዬ እንዳትነግራት» ብላ አስምላኛለች። መቼም እውነትን አትደብቁ እየተባልን የምንማር ልጆች ነን፤ እኔ ግን ያን ቀን ደበቅኩ።

እሑድ እህቴ ደወለች። እማዬ «ምን በላሽ?» አላለቻትም።

«ሽንኩርቱን መጀመሪያ አቁላዪው፤ እርድም ጣል አድርጊበት» አለቻት። «ቅቤ አንጥሬ ሰው ሳገኝ እልክልሻለሁ። ሥጋው ይቅር፣ አይክፋሽ፤ ያልፋል ልጄ።»

እኔ ምንም አልነገርኳትም ነበር።