ደሴ ላይ ሚዛን አልነበረም

የእህቴን ልጅ ልጠራው ፒያሳ አካባቢ ካለች ጌም ቤት ገብቼ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ዋር ተንደር ይጫወታል። የያዘው የጣሊያን ባለ ሁለት ክንፍ ተዋጊ አውሮፕላን ነው። «የኛስ የታለ?» አልኩት። «የኛ የለም ጋሼ» ብሎኝ ተኩሱን ቀጠለ።

ነገሩ ከነከነኝ። ጌሙ ለማሽን በጣም ይጠነቀቃል፤ ፍጥነቱ፣ ጥይቱ፣ ክንፍ ሲመታ የሚሆነው ሁሉ ተሰልቷል። ማን ከማን ጋር እንደሚገጥም የሚወስነው ግን ታሪክ ሳይሆን ነጥብ ነው። ተጫዋቾች በአንድ አውሮፕላን አብዝተው ካሸነፉ ነጥቡ ይጨምርና ከጠንካሮች ጋር ይመደባል። ሁልጊዜ የሚሸነፍበትን ጌም ማን ይጫወታል? ይገባኛል።

ግን የቆምነው ደሴ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ይህችን ከተማ በቦምብ ሲደበድቡ ወጥቶ የሚገጥማቸው ተዋጊ አውሮፕላን አልነበረንም። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከጸረ አውሮፕላን መሣሪያ ኋላ ሆነው ተኮሱ፤ ፎቶው ዓለምን ዞሯል። የአሜሪካ አድቬንቲስቶች ሆስፒታልና የቀይ መስቀል ድንኳኖች ሳይቀሩ ተመቱ። አገሪቱ የነበሯት አውሮፕላኖች ደርዘን ገደማ ናቸው፤ አብዛኞቹም ያልታጠቁ፣ ሰውና መልእክት አመላላሾች። ጣሊያን ያሰለፈው በመቶዎች ነው። እስቲ ይህን በነጥብ አመጣጥኑት! አሮጌውን ፖቴዝ 25 አጠንክሮ ከነሱ እኩል ማድረግ ቁጭታችንን ያበርድ ይሆናል፣ ግን ውሸት ነው። እኩል ከነበርንማ ንጉሡ ጄኔቭ ድረስ ሄደው ከሰማይ ስለሚረጨው መርዝ የጮኹት ለምን ነበር?

ማሽን ብቻ መመዘንም ያሳስታል። በ1969 ዓ.ም. ክረምት ኦጋዴን ላይ የኛ ኤፍ-5ኢ ከሶማሊያ ሚግ-21 ጋር ገጠመ። በወረቀት ላይ ፈጣኑ ሚጉ ነው። ሰማዩን የያዙት ግን የኛዎቹ ናቸው፣ በሥልጠና። እነ ለገሠ ተፈራ በየትኛው ቁጥር ይገባሉ?

ጌም ሠሪ ብሆን አውሮፕላኖቹን አልነካም፤ የማሸነፍን ትርጉም እለውጣለሁ። ለጣሊያኑ ማሸነፍ ከተማውን መደብደብ ይሁን፤ ለኛው ደግሞ መድኃኒት የጫነችውን ያልታጠቀች አውሮፕላን በጭጋግ ተሸሽጎ ደሴ ማሳረፍ። ወደ ቤት ስንወጣ ይህን ነገርኩት።

«እና መተኮስ የለም?»

«የለም።»

«ይደብራል» አለ። ትንሽ ከሄድን በኋላ ግን ቆም ብሎ ወደ ተራራው አየ። «ከአዲስ አበባ ስመጣ ጦሳ በግራዬ ነው አይደል የሚሆነው?»